ሶረቲ ያልቀሰቀሰችኝ ጠዋት

አምቦ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድዎ አባቴ፣ ወራቤ

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አባባ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? ባለፈው በስልክ እየጮህኩ ሳወራዎ ግማሹን እንዳልሰሙኝ ስለገባኝ ነው ደብዳቤ መጻፌ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። የአምቦን የጠዋት ብርድም ለምጄዋለሁ።

አንድ ነገር ደብቄዎ ነበር። ዓምና ውጤቴን ሲጠይቁኝ «ደህና ነው» አልኩዎ እንጂ ከዩኒቨርሲቲው ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶኝ ነበር። ስልኬ ላይ አፍጥጬ ሳመሽ የንጋቱ የፈጅር ሶላት ያልፈኛል፤ ፈጅር ያለፈኝ ቀን የጠዋቱ ትምህርትም ያልፈኛል። አፉ ይበሉኝ።

ዘንድሮ ስመለስ ትልቅ ፕሮግራም ጽፌ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ። የሌሊቱ ሶላት ተሀጁድ፣ በቀን አንድ ጁዝእ፣ የቁርኣን አንድ ሠላሳኛ፣ ስድስት ሰዓት ጥናት። ሦስት ቀን አልቆየም። አብራኝ ዶርም የምትኖረው ሶረቲ፣ የጊንጪ ልጅ ናት፣ ጴንጤ፣ አንብባው ሳቀች።

«ይሄማ ለመላእክት ነው የተጻፈው። አንዱን ብቻ ያዢ። እኔ በጠዋት ተነስቼ እጸልያለሁ፤ ልቀስቅስሽ?»

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሲል የአልጋዬን ብረት ታንኳኳለች። «ካኢ፣ ሀጀራ! ተነሺ፣ ሶላትሽ ደርሷል!» ማታ ማታ ስልኬን እሷ ዘንድ አስቀምጣለሁ። ከሰገድኩ በኋላ ግማሽ ገጽ ቁርኣን እቀራለሁ፤ ቁርስ እስኪደርስ ደግሞ የትናንቱን ትምህርት አነባለሁ። ይኸው ነው። ግማሽ ገጽ ብቻ ብለው እንዳይስቁብኝ፤ ሁለት ወር ዘልቄበታለሁ።

ከሁለት ሳምንት በፊት ግን ማንም ሳይቀሰቅሰኝ ነቃሁ። ለሶላት ልታጠብ፣ ውዱእ ላደርግ ልወጣ ስል የሶረቲ ትንፋሽ ሲያፏጭ ሰማሁ። አልጋዋ ላይ ጎብጣ ተቀምጣለች፤ መናገር አልቻለችም። አስም አለባት፤ የምትስበው መድኃኒት አልቆባት ኖሯል። እየሮጥኩ የሕንፃውን ተቆጣጣሪ ጠራሁ፤ በባጃጅ ሐኪም ቤት አደረስናት። ሐኪሟ «ግማሽ ሰዓት ብትዘገዩ ኖሮ…» ብላ ወደ ሶረቲ ተመለሰች። እኔም ፀሐይ ሳትወጣ ታጥቤ ኮሪደሩ ላይ ሹራቤን አንጥፌ ሰገድኩ።

ረፋዱ ላይ እናቷ ወይዘሮ ደብሪቱ ከጊንጪ ደረሱ። ልጃቸው መተንፈሷን ካዩ በኋላ ወደ እኔ ዞረው ከዘንቢላቸው ጭኮ አወጡ።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ሥጋ የለበትም። ገብስና ቅቤ ብቻ ነው፤ ሳትሰጊ ብዪ» አሉና አቀፉኝ። እኔም ቶሎ አልለቀቅኳቸውም።

ሶረቲ ድናለች። የዘንድሮው የአጋማሽ ፈተና ውጤቴም ጥሩ ነው፤ የአሁኑ እውነቴን ነው፣ ወረቀቱን አብሬ ልኬልዎታለሁ።

አባባ፣ እማዬ ከሞተች ወዲህ እርስዎም እኔም ስሟን አንጠራም። ዓምና ሰግጄ ዱዓ ሳደርግ እሷ ላይ ስደርስ አፌ ይያዝ ነበር፤ ሳልጨርስ እነሳለሁ። አሁን በየጠዋቱ በስሟ እየጠራሁ እለምንላታለሁ። አለቅሳለሁ፣ ግን እጨርሳለሁ። ለእረፍት ስመጣ ስለ እሷ ያጫውቱኝ፤ ከልጅነቷ ጀምሮ፣ የማላውቀውን ሁሉ።

አላህ ጤናዎን ይጠብቅልኝ፣ ቤታችንን በሰላሙ ይሙላልን።

ልጅዎ ሀጀራ ሰዲቅ