ሁለት ያልታወቁ እና አንዲት ነጠላ ሰረዝ

ሐሙስ፣ ከሥራ መልስ፣ ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ

«ለውድ ባለቤቴ» ብዬ ጀምሬ ነበር፤ የፈቃድ ማመልከቻ መሰለብኝና አጠፋሁት። ስለዚህ ለአንተው፣ ለእርጉ ሰውዬ፤

እንዴት ሰነበትክ? ወደቡስ፣ ነፋሱስ፣ ያ ጉልበትህስ? እኔ ደህና ነኝ። ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንደምትል አውቃለሁ። ሰሞኑን በስልክ «ደህና ነሽ?» «ደህና ነኝ» ከተባባልን በኋላ ወሬ ያልቅብናል። በጽሑፍ ግን የሚያቋርጠኝ የለም፤ እኔ ደግሞ ካልተቋረጥኩ ምን ያህል እንደማወራ ታውቃለህ።

ከሁሉ በፊት አንድ የሚያሳፍር ነገር ልንገርህና ይውጣልኝ። በዚህ ዕድሜዬ፣ ለአንተም ሳልነግርህ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ ኮሌጅ ገብቻለሁ። አፈርኩበት ያልኩህ ግን እሱን አይደለም፤ የመጀመሪያውን ቀን ነው። ያቺን ግራጫ ኮቴን ለብሼ፣ ቦርሳዬን አንጠልጥዬ የክፍሉን በር ስከፍት ልጆቹ በሙሉ ብድግ አሉ። አስተማሪያቸው መስያቸው ነው። ሰው እንዲህ ተነሥቶልኝ ስለማያውቅ የምለው ጠፋኝና «ተቀመጡ» አልኳቸው። ተቀመጡ። ከዚያ እኔም ሄጄ መካከላቸው ተቀመጥኩ። ከኋላዬ አንዷ፣ «ማዘር ቀልደኛ ነች» ስትል ሰማኋት። ከዚያ ቀን ወዲህ በግቢው ውስጥ ስሜ «ማዘር ተቀመጡ» ሆኖ ቀርቷል።

ሳቅ፣ ግድ የለም። እኔም ራሴ ቤት ስገባ ነው የሳቅኩት።

አሁን ደግሞ «ምን ለመሆን ነው?» ልትለኝ ነው። የእኛ መነጽር ቤት ከጀርባ ያለችውን ጠባብ ክፍል ታስታውሳታለህ አይደል፣ የፊደል ሰሌዳ የተሰቀለባትን? ዓይን የሚመረምርልን ሰውዬ ሌላ ከተማ ሥራ አግኝቶ ሄደ። ባለሱቋ ወንበሩ ላይ አቧራ ሲቆለል እያየች ሰነበተችና አንድ ቀን፣ «ስሚ፣ የማላውቀውን ሰው ከማስገባ አንቺ ለምን አትማሪም? ሌንስ ስትሞርጂ፣ ፍሬም ስታጠብቂ ልታረጂ ነው እንዴ?» አለችኝ። አባባሏ ደስ አላለኝም፤ ሐሳቡ ግን እንቅልፍ ነሣኝ።

ኮሌጁ ስሄድ የዓይን ምርመራውን ትምህርት ለመጀመር መጀመሪያ አልጀብራ ማለፍ ግዴታ ነው ተባልኩ። «አልጀብራን ከዓይን ጋር ምን አገናኘው?» ብዬ መዝጋቢዋን ብጠይቃት፣ «እኔም እዚህ ከተቀመጥኩ ጀምሮ እሱን ስጠይቅ ነው የኖርኩት፤ ቀጣይ» አለችኝ። ለአንተ ያልነገርኩህ በሌላ አይደለም። ከዚህ በፊት እማራለሁ እያልኩ ስንቴ አስጨበጨብኩህ? እስቲ ይኼኛው ይያዝልኝና ከዚያ ልንገረው አልኩ።

ትምህርቱ እንዲህ ነው። በሳምንት አንድ ቀን ክፍል እንገባለን፤ የቀረውን ቤታችን ሆነን በኦንላይን ነው የምንሠራው። ጥያቄው ስክሪኑ ላይ ይመጣል፣ መልስህን ትጽፋለህ፣ «አስገባ» የምትለውን ትጫናለህ። ልክ ከሆንክ አረንጓዴ፣ ከተሳሳትክ ቀይ። ሲስተሙ ይሉኝታ የሚባል ነገር አያውቅም። «ትንሽ ቀረሽ እኮ» እንኳ አይልም። ከኦንላይኑ ሥራ ነጥብ ቢያንስ ግማሹን ያላገኘ ደግሞ የማጠቃለያ ፈተናው አዳራሽ በር አይከፈትለትም። እኔ ካልተፈተንኩ ዓመት ልጠብቅ ነው። ባለሱቋ ደግሞ ዓመት የምትጠብቅ ሴት አለመሆኗን አንተም ታውቃለህ፤ ለወንበሩ ሌላ ሰው ታስቀምጥበታለች።

መጀመሪያ ላይ እንደ ጉድ ሄደልኝ። አንድ ያልታወቀ ነገር ብቻ ያለበትን፣ ኤክስ የሚሉትን ማለቴ ነው፣ እየፈለፈልኩ አወጣው ጀመር። ስክሪኔ ማሳ መሰለ፣ አረንጓዴ በአረንጓዴ። እንደውም ያቺ «ቀልደኛ ነች» ያለችኝ ልጅ ከፊቴ መጥታ ቁጭ አለችና፣ «ማዘር፣ ይኼን እንዴት ነው ያመጣሽው?» ብላ ጠየቀችኝ። ያን ዕለት አንገቴ ረዝሞ ነው ወደ ቤት የሄድኩት።

ከዚያ ሁለት ያልታወቁ ነገሮች ያሉበት ምዕራፍ መጣ፤ ኤክስ እና ዋይ። አንዱ መንገደኛ ከወዲህ፣ ሌላው ከወዲያ ይነሣሉ፤ የት ቦታ፣ በስንት ሰዓት ይገናኛሉ? እንዲህ ያለ ነገር ነው። ሠራሁት፣ መልሱን መልሼ ጥያቄው ውስጥ ተካሁት፤ ልክ መጣ። አስገባሁት፤ ቀይ። ከእንደገና ሠራሁት፤ ቀይ። ልክ የመጣውን መልስ እየተጠራጠርኩ ለወጥኩት፤ እሱም ቀይ። ምን አለፋህ፣ መንገደኞቹ በእኔ እጅ አንገናኝም አሉ። ብቻውን ያለውን ያልታወቀ እችለዋለሁ፣ ሁለት ሲሆኑ ግን አይሆንልኝም ብዬ ደመደምኩ። ነጥቤ እየወረደ እየወረደ ያቺ ግማሽ የተባለች መስመር አፋፍ ላይ ደረሰ።

አንተ ስለ ሥራ ውሉ ልትጠይቀኝ የደወልክልኝ በዚያው ሰሞን ነው። «ውሉን ላድሰው ወይስ ልምጣ?» ስትለኝ ላፕቶፑ ከፊቴ ተከፍቶ ነበር። «እንዳሻህ» አልኩህ። ከዚያ በስልኩ ውስጥ ነፋሱ ብቻ ተሰማኝ። «እሺ በቃ፣ እስከ ወሩ መጨረሻ እነግራቸዋለሁ» ብለህ ዘጋኸው። እኔ ዘግተኸውም ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ነበርኩ።

በበነጋው ትምህርቱን ለመተው ወስኜ አስተማሪው ቢሮ ሄድኩ። ልጆቹ «አረጋግጡ» ነው የሚሉት፤ ከአፉ ሌላ ቃል አይወጣም። ከእኔ በዕድሜ የሚያንስ፣ ሲበዛ ትሑት፣ ሲበዛ ደግሞ የማይስቅ ሰው ነው።

«ልሰናበትዎት ነው የመጣሁት» አልኩት።

«ምነው?»

«ጭንቅላቴ ሁለት ያልታወቁ ነገሮችን ባንድ ላይ አይችልም።»

«የማን ይችላል? ቁጭ ይበሉ እስቲ» አለና ወረቀት ሰጠኝ። «አንድ ይሥሩልኝ።»

ሠራሁ። አየው፣ ገልብጦም አየው። «ልክ ነው።»

«ልክ ከሆነ ይኼን ሲያስገቡት ለምን ይቀላል?» ብዬ ላፕቶፔን ከፈትኩና እዚያው ፊቱ ጻፍኩት። ቀላ። እሱ በራሱ ኮምፒውተር ያንኑ መልስ ጻፈ። አረንጓዴ። እኔማ፣ በቃ ማሽኑም ሰው ይመርጣል ብዬ ላፕቶፔን ልዘጋ እጄን ዘረጋሁ።

እሱ ግን ወንበሩን ጎትቶ ወደ እኔ ስክሪን ተጠጋ። «ይቺ ምንድን ናት?»

«የትኛዋ?»

«በሁለቱ ቁጥሮች መሃል ያለችው።»

አፍንጫዬ ስክሪኑን እስኪነካ ተጠጋሁ። «ነጥብ ነገር ናት።»

«ስንት ነጥብ?»

«እኔ እንጃ። ትንኝ ትመስላለች።»

ጽሑፉን አጎላው። ትንኟ ስታድግ፣ ከላይ ሰረዝ የተጫነባት፣ ሁለት ነጥብ ያላት የእኛዋ ነጠላ ሰረዝ ሆና ቁጭ አለች። እኔ (4፣7) ብዬ እጽፋለሁ፤ ሲስተሙ የሚያውቀው (4,7) ብቻ ነው። ኮማ ከሌለች ሁለቱን ቁጥሮች ለይቶ ማየት አይችልም። ምዕራፉን ሙሉ ቁጥሮቼ ልክ ነበሩ፤ ያጣላን መሃላቸው ያለችው ምልክት ናት።

«ይህን የአማርኛ ኪቦርድ ማን ነው የጫነልዎት?»

«ባለቤቴ። ሩቅ አገር ነው የሚሠራው። ሊሄድ ሲል እንድጽፍለት ብሎ ጫነልኝ።»

«ታዲያ ይጽፉለታል?»

«ሒሳቡ በዛብኝ» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ እንዳለው ሆኖ፣ «ለመሆኑ ሥራዎ ምንድን ነው?» አለኝ።

«መነጽር ቤት ነኝ።»

ሳቀ። አረጋግጡ ሳቀ ስልህ። ኮሪደር ላይ የነበረች ተማሪ ቆም ብላ በበሩ አየችን። «ይቅርታ ያድርጉልኝ» እያለ ዓይኑን ጠረገና፣ «የራስዎስ መነጽር?» አለኝ።

«አያስፈልገኝም» አልኩት፣ አፍንጫዬ ገና ከስክሪኑ ሳይነሣ።

ነጥቤን እሱ በእጁ መለወጥ እንደማይችል፣ ግን ጥያቄዎቹ እስከ እሑድ ክፍት ስለሆኑ መልሼ መሥራት እንደምችል ነገረኝ። ኪቦርዱን ወደ እንግሊዝኛው እንዴት እንደምቀይረውም አሳየኝ፤ አንዲት ቁልፍ መጫን ብቻ ናት። «ከፈለጉ ጨርሶ ሊያጠፉት ይችላሉ» ሲለኝ፣ «አይ፣ እሱስ ይቆይ» አልኩ። እንዴት ፈጥኜ እንደመለስኩለት እኔም ገረመኝ።

ቅዳሜና እሑድ ከዚህ ጠረጴዛ አልተነሣሁም። ሳህኑ ሳይታጠብ፣ ልብሱ ሳይተኮስ ቀረ፤ ብታየኝ ኖሮ በረንዳ ላይ ወጥተህ ነበር የምትቀመጠው። አንድ በአንድ መልሼ ጻፍኳቸው። አረንጓዴ። አረንጓዴ። እነዚያ ሁለት መንገደኞች ስክሪኑ ላይ ሲገናኙ እንደ ሞኝ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ሒሳብ ነው እኮ፣ ሰዎቹም በእውን የሉም። ግማሹን አልፌ ሄድኩ። የፊታችን ቅዳሜ ጠዋት የማጠቃለያ ፈተና እቀመጣለሁ።

ሰኞ ሱቅ ስገባ ለባለሱቋ ሁሉንም ነገርኳት። ባንኮኒው ላይ ተደግፋ እስክትጨርስ ሳቀችና እጄን ይዛ መስታወቱ ፊት አስቀመጠችኝ። «ይኼን ሁሉ ዘመን ለሰው ስትሠሪ! ተያዝሽ ዛሬ» አለችኝ። የማንበቢያ መነጽር ያስፈልግሻል እያልክ ስትነዘንዘኝ የነበርከው አንተ ነህ፤ እኔ ደግሞ መብራቱ ነው፣ ጽሑፉ ነው እያልኩ የማላመካኝበት አልነበረም። እንግዲህ ደስ ይበልህ፣ ይህን ደብዳቤ የምጽፈው መነጽር አድርጌ ነው። ቡናማ ፍሬም ነው። አላስረጀኝም፤ ባለሱቋ እንደውም «ቁም ነገር ያለሽ ሴት መሰልሽ» ብላኛለች፤ ሙገሳ ይሁን ስድብ አልገባኝም። አሁን ነጠላ ሰረዝ ካለችበት ትታየኛለች። እዚህ ደብዳቤ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደተጠቀምኩባት ተመልከት፤ በነጻነት። ለሒሳቡ ስሆን ወደዚያ እቀይራለሁ፣ ለአንተ ስሆን ወደዚህ እመልሰዋለሁ።

አንተም ብትሆን አታመልጥም። ባለፈው በቪዲዮ ስናወራ መልእክቴን ለማንበብ ስልኩን ክንድህ እስኪያልቅ አርቀህ ነበር የያዝከው። ቀና ብዬ ያላየሁህ መስሎህ ከሆነ ሥራዬን ረስተኸዋል። ያን ያህል ከፍታ ላይ ክሬን የሚያንቀሳቅስ ሰው ከእጁ ላይ ያለውን ማንበብ ካቃተው እኔ እንቅልፍ አይወስደኝም። ስለዚህ ለራሴ ስመርጥ ለአንተም አንድ ፍሬም አስቀምጫለሁ፤ ጥቁር ነው፣ ከፊትህ ጋር የሚሄድ፣ ጉንጭህን የማይጫን። መሳቢያዬ ውስጥ በጨርቅ ጠቅልዬዋለሁ፤ ለማንም እንዳትሸጠው ባለሱቋን አስጠንቅቄያታለሁ።

ችግሩ ሌንሱን መቁረጥ አልችልም። የመነጽርህን ቁጥር ማንም ሐኪም ለክቶ ሊልክልኝ ይችል ይሆናል፤ በሁለቱ ዓይኖችህ መሃል ያለውን ርቀት ግን በስልክ ተቀብዬ አልሠራም። ትንሽ ከሳትኩት ሁሉም ነገር ሁለት ሆኖ ነው የሚታይህ። ሰውየው ከፊቴ መቀመጥ አለበት፤ እኔም በጣም ተጠግቼ ማየት አለብኝ። የሥራው ሕግ እንዲህ ነው፤ እኔ አላወጣሁትም።

ወሩ ሊያልቅ ጥቂት እንደቀረው አውቃለሁ።

በል፣ ወደዚያ ማማ ስትወጣ ጠብቆ ያውጣህ፣ ስትወርድ ጠብቆ ያውርድህ። ጉልበትህን ከብርድ ያዘው። ቅዳሜ ከፈተናው አዳራሽ ስወጣ፣ አረንጓዴም ልሁን ቀይ፣ ከባለሱቋም በፊት፣ ከእነዚያ ልጆችም በፊት የምነግረው ለአንተ ነው። ኪቦርዱን ወደዚህ እመልስና እጽፍልሃለሁ።

ያንተዋ ችኩል፣
ማዘር ተቀመጡ