ገሳይ ላይ ስለ ፈረምኩበት ማሳ

ውድ አባዬ፣

ከተለዩን ዓመት ከሦስት ወር ሆነ። ሙት ዓመትዎን ጋፋት ላይ ከጎረቤቱ ጋር አስበንልዎታል። እማዬ ጉልበቷን ያማታል እንጂ ደኅና ናት። ቀይዋ ላም ወልዳለች። ታላቁ ማሳዎ ላይ ወንድሜ ዘንድሮ ስንዴ ዘርቶ ጥሩ ይዞለታል። እኔ ከሹመቴ ወርጃለሁ። ይህን የምጽፈውም እንዴት እንደ ወረድኩ ልነግርዎ ነው።

የቀበሌያችን ማኅበራዊ ፍርድ ቤት ዳኛ ሳሉ፣ ችሎት በሚውሉበት ቀን እህል ሳይቀምሱ ነበር የሚወጡት። መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያን ተሳልመው፣ «አቤቱ፣ ለሰው ፊት ከማድላት ጠብቀኝ» ይሉ ነበር። አጎቴ የጎረቤቱን ድንበር ገፍቶ የተከሰሰ ጊዜ የፈረዱበት አንቱ ነዎት። ሁለት ፋሲካ ደጃችንን ሳይረግጥ ቀረ። ወንድምዎ ናፍቆዎት ሲያለቅሱ አይቻለሁ፤ ፍርዱን ግን አልለወጡትም።

የወረዳው መሬት አስተዳደር ኃላፊ ሆኜ የተሾምኩ ዕለት እልል ይላሉ ብዬ ስጠብቅ አጠገብዎ አስቀመጡኝ። ከዚያ፣ «ልጄ፣ ሰው የሚፈራ ሹም ለጉልበተኛ ያደላል። አንቺ እግዜርን ፍሪ፤ ድሃ ሲያለቅስ የሚሰማው እሱ ነው» አሉኝ። አሜን ብዬ ጉልበትዎን ሳምኩ።

ገሳይ መንገድ ዳር የእትዬ እናና የገብስ ማሳ ነበረች። ባሏ የሞተባት፣ አንዲት ልጇም ዓረብ አገር የሄደችባት ሴት ናት። ማሳዋን አንድ ባለሀብት ለመጋዘን ፈለጋት። አለቃዬ ደውሎ፣ «ባዶ መሬት ነው ብለሽ ፈርሚ» አለኝ። ገብሱ ማሸቱን በመኪና ሳልፍ በዓይኔ አይቻለሁ። ፈረምኩ። ያን ሰሞን የጽጌን ጾም እንኳ ሳላጎድል እጾም ነበር፣ አባዬ። ግን ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ ጫማዬን አድርጌ፣ ፈሪሃ እግዚአብሔርን እዚያው ትቼው እሄድ ነበር።

እትዬ እናና አቤት ያለችው ለአንቱ ነው። በማግስቱ ጋቢዎን ለብሰው ከባለጉዳዩ ጋር ቢሮዬ ኮሪደር ላይ ተቀመጡ። ጸሐፊዋ ገብታ፣ «አባትሽ መጥተዋል» ስትለኝ፣ «ስብሰባ ላይ ናት በያቸው» አልኳት። ምንም ስብሰባ አልነበረኝም። ዓይንዎን ማየት ፈርቼ ነው። እስከ ምሳ ሰዓት ጠብቀው፣ በትርዎን ተደግፈው ሲወጡ በመስኮት አየሁዎት። ሮጬ መውረድ እችል ነበር። አልወረድኩም። በሳምንቱ ታመሙ፤ ስደርስ አፍዎ ተዘግቶ ነበር።

በቀብርዎ ዕለት እትዬ እናና እንደ ሥጋ ዘመድ አለቀሰች። እኔን ቀና ብላ አላየችኝም። አርባዎ እንደ ወጣ፣ መሬቱ ባዶ እንዳልነበረ፣ እያወቅሁ በሐሰት እንደ ፈረምኩ ጽፌ አስገባሁ። ከሹመቴ አነሡኝ። ፍርድ ቤት ቆሜም መሰከርኩላት። ተፈረደላት፤ ግን መጋዘኑ ቆሞ ስለ ነበር ምትክ ተብሎ የተሰጣት ድንጋያማ ተዳፋት ነው።

ቤቷ ሄጄ እግሯ ላይ ወደቅሁ። በእጇ ደግፋ አነሣችኝና፣ «እግዜር ይፍታሽ፣ ልጄ። ያን ገብስ ግን እንዴት ልርሳው?» አለችኝ። 

አሁን ደብረ ታቦር ላይ ለባለጉዳይ ማመልከቻ እየጻፍኩ እኖራለሁ። ሹም እግዚአብሔርን መፍራቱ የሚታወቀው ድሃ ደጁ ላይ ሲቆም እንደ ሆነ የገባኝ ወንበሩ ከእጄ ከወጣ በኋላ ነው። ዛሬ በሰው መሬት ላይ የምትፈርም እጅ የለኝም፤ እግዚአብሔርን መፍራትም ቀላል ሆኖልኛል። የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው።

አባዬ፣ እስክሞት አልረሳዎትም። በጸሎት ስምዎን ባነሣሁ ቁጥር፣ «አባቴ እውነትዎን ነበር» እላለሁ። በሕይወት ሳሉ ልነግርዎ የሚገባኝ ቃል ነበር።

ልጅዎ ጥሩወርቅ