ተረከዟ ስላልተሰበረ የተሰረዘች ሯጭ

ለወጣቶች ስፖርት ማሰልጠኛ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ቀን፦ ሚያዝያ 14

ጉዳዩ፦ ልጄ ከታዳጊ ሯጮች መዝገብ የተሰረዘችበት ውሳኔ እንዲነሳልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ፣

1. እኔ አመልካች ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ ባለች አንድ በር ሱቅ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ጫማ ስሰፋ የኖርኩ ሰው ነኝ። የአሥራ አንድ ዓመት ልጄ በጽሕፈት ቤትዎ የታዳጊዎች ቡድን ሁለት ዓመት ሮጣለች።

2. ከሁለት ወር ወዲህ ቀኝ ተረከዟን ያማታል። ሐኪሟ እንዳስረዱኝ በዚህ ዕድሜ የተረከዝ አጥንት የሚያድግበት ክፍል ገና አልጠነከረም፤ ሩጫና ዝላይ ሲበዛበት ይጎዳል፤ ጉዳቱ ራጅ ላይ ላይታይም ይችላል። ስድስት ሳምንት እንዳትሮጥ አዘዋል። ካረፈች ትድናለች፤ ካላረፈች ግን ሕመሙ ይከርምባታል ብለውኛል።

3. የሐኪም ማስረጃውን ይዤ ስቀርብ የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ በትሕትና ተቀበሉኝ። ቅጹ ላይ ያሉት ሳጥኖች ግን «ተሰብሯል» እና «አልተሰበረም» የሚሉ ሁለት ብቻ ናቸው። እስክሪብቷቸውን አንስተው፣ «ምን ላድርግዎት አባቴ፣ ተሰብሮ ቢሆን ይቀለን ነበር» አሉኝ። በክፋት እንዳላሉት አውቃለሁ። «አልተሰበረም» ላይ ምልክት ተደረገ፤ በሳምንቱ ልጄ «ያለ በቂ ምክንያት የቀረች» ተብላ ተሰረዘች። የምትመለሰውም በዚህ ወር በ20 የሚደረገውን ማጣሪያ ከሮጠች ብቻ ነው ተባልን።

4. እውነቱን ለመናገር የእኔም ጥፋት አለበት። የሩጫ ጫማ ሰፍቼ ላስደንቃት ብዬ፣ ከትምህርት ቤት መጥታ ሶፋው ላይ ሸለብ ሲያደርጋት እግሯን ለካሁ። የሌላ ሰው ልጅ አቁሜ እንጂ አስተኝቼ ለክቼ አላውቅም። እግር ሰውነት ሲያርፍበት ይረዝማል፣ ይሰፋልም፤ ይህንን ለስንት ተለማማጅ አስተምሬያለሁ። ጫማው ጠበባት። እርሷ ግን አባዬ የሰፋው ነው ብላ፣ ሕመሙን ዋጥ አድርጋ ሮጠችበት። ሐኪሟ «ጫማው ብቻውን አያመጣውም፤ ግን አባብሶታል» አሉኝ።

5. ትናንት፣ «አባዬ፣ በፋሻ ጥብቅ አድርገህ እሰርልኝና ልሩጥ፤ አላለቅስም» አለችኝ። እንደማታለቅስ ስለማውቅ ፈራሁ።

ስለዚህ ስድስት ሳምንቱ እስኪሞላ ስሟ በመዝገብ ላይ እንዲቆይ፣ ማጣሪያውንም ከዚያ በኋላ እንድትሮጥ እንዲፈቀድልኝ እለምናለሁ። ቅጹ ላይ ሦስተኛ ሳጥን ቢጨመር ደግሞ ለሌሎችም ልጆች ይጠቅማል። የሚያሰምር ሰው ከጠፋ ማስመሪያዬን ይዤ እመጣለሁ።

ከታላቅ አክብሮትና ሰላምታ ጋር፣

(ፊርማ)
የልጅቷ አባት፣ ጫማ ሰፊው

አባሪ፦
የሐኪም ማስረጃ፣ አንድ ገጽ።
የሁለት እግሯ ልክ፣ አንድ ገጽ። ልኩ የሚያገለግለው ለሦስት ወር ያህል ነው፤ ከዚያ እግሯ ያድጋል። የቀኙ ከግራው አንሶ የሚታየው በእኔ ስሕተት አይደለም። አሁን አቁሜ ነው የለካሁት፤ ቀኙ ላይ ግን ሰውነቷን ልታሳርፍ አልቻለችም።