ስለተቆረጡት አሥራ አንድ ሰከንዶች

ይድረስ ለተከበሩ የኢላማ ተኩስ ክለባችን ሊቀመንበር፣

ለስምንት ዓመት ለማንም ሳልናገረው የኖርኩት ነገር አለ፤ ግማሹን እርስዎ ከማንም በፊት ስለሚያውቁት ሰላምታዬን በእሱ ብጀምር እንደ ድፍረት አይቆጥሩብኝም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ያን ቀን ካሜራው አልተበላሸም። ባትሪውም አላለቀም። ከቀረጻው ላይ አሥራ አንድ ሰከንድ ቆርጬ ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ በጠራራ ፀሐይ፣ መስኮቴን ከፍቼ፣ በእነዚሁ ጣቶቼ።

ይህን ካልኩ በኋላ፣ ለመሆኑ እንዴት ሰነበቱ? ለመላው ቤተሰብዎ ጤና እመኛለሁ። ለእርስዎ ደግሞ ከሁሉ አብልጬ የጆሮ ጤና እመኛለሁ፤ ዛሬ እንደሚያስፈልግዎ አውቃለሁና። ደብዳቤውን በፖስታ አሽጌ ለብቻዎ ያልላክሁት ክብርዎን ስለማላውቅ አይደለም። ስለ ሟች ባለቤቴ ሁልጊዜ የሚናገሩት በድምፅ ማጉያ ስለሆነ፣ እኔ በሹክሹክታ ብመልስ ነውር ይሆንብኛል ብዬ ነው።

እርስዎ እንደሚያውቁት እኔ የቀድሞው የተኩስ መስመር ኃላፊ ሚስት ነበርኩ፤ ከአምስት ዓመት ወዲህ ደግሞ መበለቱ ነኝ። ብዙ የማልናገር ሴት ነኝ። ትምህርት ቤት ገብቼ ስላልተማርኩ ፊደል የቆጠርኩት ከመድኃኒት ብልቃጥና ከጋዜጣ ቁራጭ ላይ ነው፤ ዛሬ ግን ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ፣ የክለባችንን የደኅንነት ደንብ ጭምር። ይህን የምጠቅሰው፣ ደንቡን ዳር እስከ ዳር ያነበብኩት እኔ ብቻ እንደሆንኩ ስለምጠረጥር ነው። እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ ሥራ ስለሰጡኝ አመሰግናለሁ። ደረት ላይ የሚታሰረውን ትንሽ ካሜራ ለክለቡ ሲያመጡና ባለቤቴ ቅዳሜ ቅዳሜ እንዲለብሰው ሲያዙ፣ የቀረጸውን ማን ያቀናብረው የሚል ጥያቄ ተነሣ፤ ባለቤቴም ሳያማክረኝ “ሚስቴ ትሠራዋለች” ብሎ መጣ። መመሪያውን ቃል በቃል እያነበብኩ በሁለት ወር ውስጥ ተማርኩት። የተኩስ ስፖርት ላላየው ሰው ግርግር ይመስለዋል እንጂ አብዛኛው መጠበቅ ነው። ተኳሹ ይተነፍሳል፣ ትንፋሹን ይይዛል፣ ጣቱን ያሳርፋል፣ ሐሳቡን ይቀይራል፣ እንደገና ይተነፍሳል። የሦስት ሰዓት ቀረጻ ስድስት ደቂቃ የሚሆነው ይህ ሁሉ መጠበቅ ሲወጣ ነው፤ እርስዎም “ባዶ ባዶውን አውጪው” ይሉኝ ነበር። ባለቤቴ ግን አንድ ነገር አስለምዶኝ ነበር፤ ሳልገለብጥ እንዳልቆርጥ። እያንዳንዱን ቀረጻ መጀመሪያ በራሴ ዲስክ ላይ ገልብጬ አስቀምጣለሁ፣ ከዚያ በኋላ እቆርጣለሁ። ይህን ልማዴን ጠይቀውኝ ስለማያውቁ ነግሬዎት አላውቅም፤ ይቅርታዎን እጠይቃለሁ።

ሁለተኛው ምስጋናዬ ስለዚያች ቅዳሜ ነው፤ ለማያውቁ አንባቢዎች ስል ዘርዘር አድርጌ እንዳቀርበው ይፍቀዱልኝ። በክለባችን ተኳሾች ኢላማ ወረቀት ለመቀየር ወደ ፊት ሲሄዱ የመስመር ኃላፊው ቀይ ባንዲራ ያነሣል። ባንዲራው ከፍ ብሎ ሳለ ጠመንጃዎች ባዶ ሆነው ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣሉ፣ ማንም አይነካቸውም። የመጨረሻው ሰው ከመስመሩ ወደ ኋላ ሲመለስ ባንዲራው ይወርዳል፣ ፊሽካ ይነፋል። የተኩስ ትእዛዝ የሚሰጠው የመስመር ኃላፊው ብቻ ነው፤ አንቀጽ ዘጠኝ ላይ በደማቁ ተጽፏል። ያን ቀን የዳቦ ጋጋሪው ልጅ፣ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጃገረድና የክለባችን አንደኛ ተኳሽ፣ የመጨረሻዋን ወረቀት ብረቱ ላይ እየለጠፈች ሳለ ከመስመሩ ጥይት ተተኮሰ። ጥይቱ ብረቱን መታው፤ ስብርባሪው የግራ እጇን ሁለት ጣቶች ወሰደ። የተኮሱት የእርስዎ የክብር እንግዳ ነበሩ፤ ከዚያ ቀን በኋላ በሰፈራችን አልታዩም።

ባለቤቴ ልጅቱን ታቅፎ ወደ ሐኪም ሲሮጥ፣ እርስዎ ካሜራውን ከደረቱ ላይ ፈትተው ወሰዱ። በማግሥቱ ቤቴ ድረስ መጡ። የሊቀመንበር እግር ደጃፌን ሲረግጥ የመጀመሪያው ነበር፤ ወንበሩን በቀሚሴ ጫፍ ጠርጌ ሰጠሁዎ። ቀረጻውን አይተውት እንደነበር፣ በመሃሉ ባለቤቴ ስልክ ሲያነሣ እንደሚታይ፣ ይህ ከኮሚቴው ፊት ከቀረበ አበቃለት ማለት እንደሆነ እያዘኑ ነገሩኝ። የደወልኩት እኔ ነበርኩ። ስለ መጋረጃ ማንጠልጠያ ነበር። ሲመለስ እንዲገዛልኝ ልነግረው ነበር የደወልኩት። እርስዎም ፊቴን አይተው ገባዎ፤ ከዚያም ቀረጻው ያለበትን የካሜራ ካርድ አስረክበውኝ፣ እስከ ዛሬ የማልረሳውን ምክር ሰጡኝ፦ “እህቴ፣ ድምፁን ዘግተሽ ሥሪው። የልጅቷ ጩኸት ይጎዳሻል።”

እንዲህ ያለ አሳቢነት ከየት ይገኛል? ድምፁን ዘጋሁት። ዓይኔ ስልክ ከኪስ ከሚያወጣው እጅ በቀር ምንም አላየም፤ ከእጁ ጀምሬ ተኩሱ አፋፍ ላይ እስክደርስ አሥራ አንድ ሰከንድ ቆረጥኩ። የተቆረጠውን ቀረጻ ከተደመሰሰው ካርድ ጋር መለስኩልዎ። ባሌን አዳንኩ ብዬ እጄን ታጠብኩ።

ሦስተኛ፣ ለኮሚቴው ስላደረጉት ንግግር አመሰግናለሁ። ሰዎቹ ወደ ፊት ሲሄዱ ይታያል፤ ቀጥሎ ተኩስ ነው፤ በመሃሉ ካሜራው ቆሟል ተባለ፣ ባንዲራ የለም። ባለቤቴ “ባንዲራው ከፍ እንዳለ እጄ ላይ ነበር” ብሎ ማለ። በመስመሩ ላይ የነበሩት ሁለት ተኳሾች አጎንብሰው ነጥባቸውን ሲመዘግቡ ስለነበር አላየንም አሉ፤ ጆሯቸው ላይ መከላከያ ስለነበር አልሰማንም አሉ። እርስዎም ራስዎን እየነቀነቁ ካሜራውም ባንዲራውም በአንድ ቀን እንደከዱት ተናገሩ፤ ጥቂቶች ሳቁ። ከሥራ ሳያባርሩ፣ ትእዛዝ ይሰጥበት በነበረው ሜዳ ላይ ሣር አጫጅ ስላደረጉት ደግነትዎ በከተማው ሁሉ ተወራ።

አራተኛውን አጭር አደርገዋለሁ፣ ረጅም ማድረግ ስላልቻልኩ። ባለቤቴ በቀሩት ሦስት ዓመታት ያንኑ ዓይነት ካሜራ ከጓደኛው እየተዋሰ ደረቱ ላይ ያስር ነበር። ከታጠበው ልብስ መሃል ቀይ ፎጣ ያነሣና ክንዱን ወደ ላይ ዘርግቶ ግቢያችንን ይዞራል፤ ከዚያ ገብቶ ካሜራው መሃል ላይ ቆሞ እንደሆነ ያያል። አንድም ቀን አልቆመም። “ያን ቀን ብቻ ምን ነካው?” ይለኛል። አንዴ ደግሞ “እስቲ የጎደለው ቁራጭ ሌላ ቦታ ገብቶ እንደሆነ ፈልጊልኝ” አለኝ። ፈልጌያለሁ፣ የለም አልኩት። ዲስኩ እሱ ከተቀመጠበት ሁለት እርምጃ ርቆ በስፌት መኪናዬ መሳቢያ ውስጥ ነበር። የተቆረጠው ቁራጭ እሱንም እኔንም የሚያጋልጥ መስሎኝ ነበር። ለዚህኛው እርስዎን አልከስም፤ ይህ የእኔ ነው።

አምስተኛ፣ ስለ ክለባችን ሃያ አምስተኛ ዓመት ፊልም እንዳቀናብር በዚህ ዓመት ስለጻፉልኝ የክብር ደብዳቤ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ደብዳቤው የድሮዎቹን ቀረጻዎች ሁሉ እንድጠቀም፣ “በአንድ ሠራተኛ ቸልተኝነት የተጎዳችውን እህታችንንም” እንዳልረሳ ያሳስባል። ትእዛዝዎን አክብሬ የድሮ ቀረጻዎችን ሁሉ ከፈትኩ። የዚያችን ቅዳሜም ከፈትኩ። ዘንድሮ ግን አርጅቻለሁና ምክርዎን ረሳሁት፤ ድምፁን ሳልዘጋ ከፈትኩት።

መጀመሪያ ያየሁት ጥላ ነው። ፀሐይዋ ከባለቤቴ ጀርባ ነበረች፤ ከፊቱ ሣሩ ላይ አንድ ክንዱን ያነሣ ሰው ጥላ ተኝቷል፣ ከክንዱ ጫፍ ላይ ባንዲራ ይወዛወዛል። ያን ቀን እጁን ሳይ ጥላውን አላየሁም። ስልኩ ይጮኻል፣ በሌላው እጁ የአንድ ጆሮውን ሽፋን ገልጦ ያነሣል፣ “ሜዳ ላይ ሰው አለ፣ ቆይተሽ ደውይ” ይላል፣ ይዘጋል፣ ጆሮውን መልሶ ይሸፍናል። ጥላው አልተነቃነቀም፤ ባንዲራው ከፍ እንዳለ ነው። ከዚያ በኋላ የተባለውን ባለቤቴ አልሰማም፣ ተኳሾቹም አልሰሙም፤ የሦስቱም ጆሮ ተሸፍኗል፤ ጆሯቸውን ገና ያልሸፈኑት እርስዎና እንግዳዎ ብቻ ነበሩ። ካሜራው ግን የጆሮ መከላከያ አላደረገም። እንግዳዎ ባንዲራው ገና አልወረደም ብለው ሲያመነቱ ይሰማል። እርስዎም እንዲህ ይላሉ፦

“እሱን ይተዉት፣ ሲንቀራፈፍ ነው የሚውለው። በኔ ይሁንብዎ፣ ይተኩሱ።”

ክቡር ሊቀመንበር፣ እኔ ያልተማርኩ ሴት ነኝ፤ ቢሆንም ይህን ዓረፍተ ነገር አርባ ጊዜ ያህል ደጋግሜ አዳምጬ ሌላ ትርጉም አጣሁለት። በእርስዎ ይሁን ብለው ነበር። በባለቤቴ ሆነ። ስምንት ዓመት ዘግይቼ ቃሉን ወደ ባለቤቱ በመመለሴ ይቅርታ ይደረግልኝ።

የዳቦ ጋጋሪው ልጅ ዛሬ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። ጩኸቱ የእሷ ስለሆነ፣ ለሰው ይሰማ ወይስ አይሰማ የሚለውን መወሰን የነበረባት እሷ ነበረች። ባለፈው ሳምንት ተራዬን ጠብቄ መስኮቷ ጋ ደረስኩና ሁሉን ነገርኳት፣ የእኔንም ጥፋት ሳልቀንስ። የያዘችውን ብልቃጥ በሦስት ጣቷ ቀስ አድርጋ አስቀመጠች። “እትዬ፣ ይህን ያን ጊዜ ነበር ሊጠይቁኝ የሚገባው” አለች። ከዚያም ከኋላዬ የቆመውን ሰው ማዘዣ እየተቀበለች፣ “አሁን ድምፁን እንዳይዘጉት” አለች። ይቅር ብዬዎታለሁ አላለችኝም፤ እኔም አልለመንኳትም።

በዚሁ አበቃለሁ። ሥልጣንዎን አክባሪ፣ ምክርዎን ለስምንት ዓመት ጠባቂ፣ ባዶ ባዶውን በማውጣት ክለቡን በታማኝነት ያገለገልኩ፣ እውነቱን ከባዶው ጋር አብሬ በማውጣቴም ከእርስዎ እኩል የምጠየቅ፣

የቀድሞው የመስመር ኃላፊ መበለት

ማሳሰቢያ፦ ፊልሙን አስቀድመው እንዲያዩት ሁለት ጊዜ ጠይቄዎ፣ “አንቺ መቁረጥ ታውቂበታለሽ” ብለው ሳያዩ ስለፈረሙበት እጅግ አድርጌ አመሰግናለሁ። ይህ ደብዳቤ እጅዎ የሚገባው ፊልሙ አልቆ የአዳራሹ መብራት ሲበራ ስለሆነ፣ አሥራ አንዱ ሰከንድ ከነድምፁ ወደ ቦታው መመለሱን እኔ ልነግርዎ አያስፈልግም፤ ከጎንዎ የተቀመጡት ሰዎች ወደ እርስዎ እያዩ ነው። ሙሉው ቀረጻ ከእነዚህ ገጾች አንድ ቅጂ ጋር ትናንት ለፌዴሬሽኑ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ደርሷል፤ ቆራጭዋ እኔ መሆኔን ስላመንኩ እኔንም ይጠሩኛል፣ እዚያ እንገናኛለን። ሁለተኛው ቅጂ መድኃኒት ቤቱ መስኮት ላይ ገብቷል። ሦስተኛውንና የመጨረሻውን የሚቀበለው ዛሬ ቀዩን ባንዲራ የያዘው አዲሱ የመስመር ኃላፊ ነው፤ አንድ ቀን ከኋላው “በኔ ይሁንብዎ” የሚል ድምፅ ቢሰማ፣ ባንዲራውን ሳያወርድ ያነበው ዘንድ።