አንገት ስለሚያስጎነብሰው ዘፈን፣ ለክቡር ከንቲባችን

ለተከበሩ የመንደራችን ከንቲባ ለአቶ ሽቴፋን ኮቺሽ፣

እንደምን ሰነበቱልን? ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ አሳማዎችዎም ሁሉ ደህና ናቸው? እኛ ከወንዙ ማዶ ያለነው ጂፕሲዎች በደግነትዎ አለን፤ አባቴም አለ፣ አንገቱን ማዞር ባይችልም አለ።

እኔ የቫዮሊን መቺው የባርቶሎሜይ ልጅ ዜሊና ነኝ፣ በየሰርጋችሁ የምዘፍነው። እሁድ ለመንደሩ በዓል መጥተን ያንን የጥንት ዘፈን እንድንጫወት ስላዘዙን እግዜር ይስጥልን። «ጂፕሲው ቢታረድ ማን ያለቅሳል፣ ቫዮሊኑን ሌላው ይወርሰዋል» የሚለውን ማለቴ ነው። ቅርስ ነው ብለዋል፣ ቅርስማ ነው፣ ምን ጥርጥር አለው።

ቅሬታ አይደለም እንጂ ቅሬታ ቢሆን፣ አንደኛ፣ እዚያ ስንኝ ላይ ስንደርስ መቺው ኮፍያውን አውልቆ ይጎነበስና ከሙሽራው ሚዜዎች አንዱ ለጭፈራ የሚያዘውን ደነዝ የእረኛ መጥረቢያ አንገቱ ላይ ያሳርፋል፣ ወጉ ነው፣ ሁሉም ይስቃል፣ እኛም እንስቃለን፣ ካልሳቅን ማን ይጠራናል። በእህትዎ ልጅ ሰርግ ላይ ግን ሚዜው ሰክሮ ነበር፣ መጥረቢያውም የጭፈራው አልነበረም፣ የእንጨት መፍለጫው ነበር፣ አባቴ ወደቀ፣ ሰዉ የቀልዱ መጨረሻ መስሎት አጨበጨበ፣ እኔም እስኪገባኝ ድረስ እየዘፈንኩ ነበር።

ሁለተኛ፣ ሐኪም ቤት የሚያደርሰን መኪና ስንለምን «ባክሽ ዜሊና፣ እናንተ እንደ ድመት ሰባት ነፍስ ነው ያላችሁ፣ ይልቅ ዘፈኑን ጨርሺ!» ያሉኝ እርስዎ ነዎት፣ ስላጽናኑኝ አመሰግናለሁ።

ሦስተኛ፣ ትናንት ጸሐፊዎ ደጃችን ድረስ መጥቶ «ሽማግሌው ካልቻለ ልጅቷ ትጎንበስ፣ የእሷ አንገት እንዲያውም ያምራል» አለ እየሳቀ፣ ካልመጣችሁ ደግሞ ከጫካው ማገዶ አትለቅሙም አለ፣ ብርዱ እየገባ። ከዚያ ወዲህ ውሻ በጮኸ ቁጥር በሩን በጠረጴዛ እደግፋለሁ።

ከዋና ከተማው ከብራቲስላቫ ለመጡት ጋዜጠኞች እርስዎ «ጂፕሲዎቹ ራሳቸው በደስታ ይዘፍኑት የለም ወይ?» አሏቸው አሉ። አዎ ጌታዬ፣ መጥረቢያ አንገትዎ ላይ አስቀምጠው ይሞክሩት፣ ደስታው እንዴት እንደሚመጣ ያዩታል። ዜማው ቆንጆ ነው፣ አባቴ ነው ያስተማረኝ፣ ዜማው ይጥፋ ያለ የለም፣ ያቺ ስንኝና መጥረቢያዋ ይቅሩልን ነው ያልነው።

ይህን ወረቀት አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ የለጠፍኩት ለእርስዎ ብቻ ብሰጥ ምድጃ እንደሚገባ ስለማውቅ ነው።

ከሩቅ፣ እጅግ ከሩቅ ሆኜ እድሜና ጤና የምመኝልዎ፣ ለውለታዎ መመለሻ ያጣሁት፣
ዜሊና የባርቶሎሜይ ልጅ

ማስታወሻ፦ እሁድ አንመጣም። የጎረቤት መንደር መቺዎችንም ለምነናል፣ እነሱም አይመጡም። ግጥሙን ከእኛ በላይ ታውቁታላችሁና ራሳችሁ ዝፈኑት፤ የሚጎነበሰውን ሰው ግን ከመሃላችሁ ምረጡ።