ቀዩ ቁጥር 41

ኅዳር 3፣ ረቡዕ። ጠዋት 1 ሰዓት

የጠዋት ቆጠራ፦ ላስቲክ ውስጥ ያሉ የአበባ ቅርንጫፍ ቁራጮች 20። ሥር የያዙ 12። የጠወለጉ 5። የሞቱ 3። ትናንት የሞቱት 2 ነበሩ።

አሥራ ሁለቱ ይበቃሉ። ጌታነህ የጠየቀው አሥራ ሁለት ነው። የአዲስ አበባ አበባ ነጋዴ ነው፤ ታኅሣሥ መጀመሪያ ራሱ መጥቶ ይወስዳቸዋል። ግቢው ላይ ሞክሮ ከረካ እኔ ባወጣሁለት ስም ያባዛዋል። ስም ገና አላወጣሁም። ለጊዜው ቁ. 41 ነው።

አንተ አዲስ ደብተር ነህ፣ የፊተኛው አልቋል፤ ስለዚህ ባጭሩ ልንገርህ። ሥራዬ ችግኝ መሸጥ ነው። ባሕር ዛፍ፣ ጌሾ፣ አፕል። ሃይድራንጃ የጀመርኩት ከሰባት ዓመት በፊት ነው፤ ያ ጭንቅላቱ እንደ ድፎ ዳቦ የሚከበው አበባ። መካነ ሰላም ውስጥ በብዙ ግቢ አለ። ሁሉም ሰማያዊ። የአንዱን ብናኝ በቀጭን ብሩሽ እያነሳሁ ለሌላው አደረግኩ፤ ዘር ለቀምኩ፤ 214 ችግኝ አወጣሁ። ከዚያ ሁሉ አንድ ብቻ ቀይ አበበ። አርባ አንደኛው። በዚህ አገር አፈር ላይ ቀይ የሆነ ሌላ አላየሁም። ሌሎቹን ነቀልኳቸው። ቦታ ይፈጃሉ።

የቁራጮቹን እምቡጥ እየቀጠፍኩ ነው። ጉልበታቸው ለሥር ይዋል። ያላበበ ነገር ሌባም አይመኘውም።

ከግቢዬ የወጡት የ41 ቁራጮች ሦስት ብቻ ናቸው። አምና ለወግዲው ሸህ እንድሪስ የሰጠኋቸው። ቁርኣን የሚያስቀሩ፣ አበባ የሚወዱ ሽማግሌ።

ኅዳር 5፣ ዓርብ። ከቀኑ 9 ሰዓት

ሸህ እንድሪስ ደወሉ፤ ከጁምዓ መመለሳቸው ነው። ሦስቱም አብበዋል። ብዙ መረቁኝ። ልዘጋ ስል ሰማያዊነቱ እንዴት ዓይን እንደሚስብ መናገር ጀመሩ።

ሰማያዊ?

ሰማያዊ።

ሦስቱም እንደሆኑ ጠየቅኳቸው። «ሦስቱም ወላሂ። ምነው፣ ሌላ ቀለም አዘህ ነበር?»

ስቄ ዘጋሁ። አሁን እየሳቅኩ አይደለም።

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ። ጠዋት

ቆጠራ፦ 12፣ 4፣ 4።

ተሳስቼ ሌላ ሰጥቻቸው ይሆን? አይሆንም። በእያንዳንዱ ላስቲክ ላይ ቁጥሩን በሚስማር የወጋሁበት ቆርቆሮ ታስሯል። ስሰጣቸው የቆረጥኩት ከ41 ነው፤ መቀሱን እንኳ የት እንዳስቀመጥኩ አስታውሳለሁ። ሸሁ ዓይናቸው ደክሞ ይሆን? ኪታብ ያለ መነጽር የሚያነቡ ሰው ናቸው።

41ን ሄጄ አየሁት። ወጥ ቤቱ ጥግ ቆሟል። ቀይ። እንደ ዛላ በርበሬ።

ሰኞ ወግዲ። በሰው ዓይን አላምንም።

ኅዳር 8፣ ሰኞ። ወግዲ ደርሼ ስመለስ

አየሁ። ሰማያዊ ነው። ሁለቱ ከቤቱ ክፈፍ ሥር፣ አንዱ ጉድጓዱ አጠገብ። ሦስቱም እንደ ተማሪ ደንብ ልብስ ሰማያዊ። ቆርቆሮው አለ፤ 41 ይላል፤ የራሴ እጅ ነው። ተንበርክኬ ቅጠሉን ገለበጥኩ። የቅጠሉ ጥርስ፣ የግንዱ ነጠብጣብ፣ ሁሉም 41 ነው። ቀለሙ ብቻ የሌላ።

ሸሁ ወንበር አስወጡልኝ። አልተቀመጥኩም። ፊቴን አዩና አብሽር አሉኝ። ግቢዬ ያለው 41 ቀይ መሆኑን ነገርኳቸው። ምን እንደማበላው ጠየቁ። ምንም አልኳቸው። ፍግ እንኳ በዓመት አንዴ ነው።

«ምንም ሳይበላ አይቀላም፣ አያ ሙሉጌታ። ሰውም ቢሆን።»

ቀልዳቸው ነው። መንገዱን ሙሉ ግን ከጆሮዬ አልወጣም።

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ። ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል

ዛሬ አልቆጠርኩም። አጥሩ ሥር ተቀምጬ 41ን ሳይ አማቴ ከወጥ ቤት ወጡ። እማማ የሺ፤ አራት ዓመት ሆኗቸው ከእኛ ጋር ሲኖሩ። በእጃቸው የምድጃ አመድ የሞላ ጣሳ። ቀጥ ብለው ወደ 41 ሄዱ፣ ቅርንጫፉን በግራ እጃቸው ከፍ አደረጉ፣ አመዱን ከሥሩ ገለበጡ። ጣሳውን በግንዱ ላይ ሁለቴ አንኳኩ። ልማድ ያለው እጅ።

ለምን እዚያ እንደሚደፉ ጠየቅኳቸው። ድምፄ ደህና ነበር።

«የት ልድፋው ታዲያ፣ መንገድ ላይ? አመድ ይረገጣል? ጂኒ ያርፍበታል። ልጅ ረግጦት ልክፍት ቢያገኘው ማን ሊጠየቅ? የማንም እግር የማይደርስበት ያንተ አበባ ሥር ብቻ ነው። ራስህ አይደለህ ችግኞችህን አንድም ሰው እንዳይጠጋ ያልከው? ለወጥ ቤቱ ደግሞ የሚቀርበው ይኸ ነው።»

ከመቼ ጀምሮ?

«ከመጣሁ ጀምሮ ነዋ።»

ከዚያ ጠጋ ብለው አዩኝ። አሞህ እንደሆነ ንገረኝ፣ ፊትህ ልክ አይደለም አሉ። አልታመምኩም አልኩ።

ያበበው ከሦስት ዓመት በፊት ነው። እሳቸው ከመጡ ከዓመት በኋላ።

ኅዳር 10፣ ረቡዕ

ቆጠራ፦ 12። ሌሎቹ 8 ሞተዋል። ግድ አልሰጠኝም።

የ41ን ሥር በዶማ ጫፍ ጫርኩ። አንድ ስንዝር ድረስ ግራጫ ነው። ከዚያ በታች ቀዩ አፈራችን።

ደብተሬ፣ ይኸን ማወቅ ነበረብኝ። አሲዳማ አፈር በኖራ ይታከማል ሲባል ስንት የግብርና ስብሰባ ተቀምጬ ሰምቻለሁ። አመድም የኖራን ሥራ እንደሚሠራ ባለሙያው ተናግሯል፤ ከኋላዬ ያለው ሰው ሲያንኮራፋ እኔ ነቅቼ ነበር። ይኸ አበባ ደግሞ አሲዳማ አፈር ላይ ሰማያዊ፣ ኖራ ባለበት ቀይ እንደሚሆን አንዴ አንብቤያለሁ። ሁለቱን አላገናኘሁም። የወጥ ቤት አመድ የት እንደሚደፋ ወንድ ልጅ አይጠይቅም። እኔም አልጠየቅኩም።

ቀይ ዘር የለኝም። አመድ የበላ ሰማያዊ ነው ያለኝ።

እሱም ይሁን። የሚያቃጥለኝ ሌላው ነው። 213ቱን የነቀልኩት ቀይ ስላልሆኑ ነው። ከመካከላቸው ግንዱ የጠነከረ ነበር፤ አበባው ሁለት ወር የሚቆይ ነበር፤ አንዱ ዳር ዳሩ ነጭ ነበር። በቀለም ብቻ ፈረድኩባቸው። አጥር ሥር ደርቀው ለማገዶ ዋሉ። አመዳቸው የት ሄደ? እዚያው። 41 ቀይ ሆኖ የቆየው ወንድሞቹን እየበላ ነው።

ዛሬ ሌላ አልጽፍም።

ኅዳር 13፣ ቅዳሜ። ከቀኑ 8 ሰዓት

ሦስት ቀን በነጋዴ ጭንቅላት አሰብኩ። ጌታነህ ቀዩን በዓይኑ አይቷል። አሥራ ሁለቱን ከአመድ ጋር ብሰጠው የመጀመሪያው አበባ ይቀላል። በኋላ ሰማያዊ ሲሆንም ውሃው ነው፣ አፈሩ ነው፣ አያያዙ ነው ማለት ይቻላል። ማን ያውቃል?

ጣሳውን ከምድጃው ሞልቼ ቁራጮቹ ያሉበት ዳስ ውስጥ ገባሁ። የመጀመሪያው ላስቲክ ላይ ዘንበል አደረግኩት። እማማ የሺ ከበር ሆነው ያዩኛል።

«እንዴ። የኔን ሥራ ቀማኸኝ?»

ከት ብለው ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። ጣሳውን መሬት አስቀምጬ ሁሉንም ነገርኳቸው፣ ወግዲን፣ አመዱን፣ ጌታነህን። ቆመው ሰሙኝ።

«ታዲያ ያቀላሁት እኔ ነኝ?» አሉ። መጀመሪያ ደስ ያላቸው መሰለኝ። ቆይቶ ነው የገባቸው። የተደገፉትን መቃን ለቀቁ። «ለማኅበር የመጣውን ሁሉ እያስገባሁ አሳይቻለሁ። አማቼ የሠራው ነው እያልኩ።»

ጥፋቱ የሳቸው እንዳልሆነ ነገርኳቸው። እውነቴን ነው። አልተቀበሉኝም። ምሳ አልበሉም።

አመዱን ከአጥሩ ውጭ ጉድጓድ ቆፍሬ ቀበርኩት።

ኅዳር 17፣ ረቡዕ

ለጌታነህ ደወልኩ። ሳላሳምር ተናገርኩ። ሰማያዊው አዲስ አበባ ሞልቶ እንደተረፈ፣ ለሰማያዊ ይኸን ሁሉ መንገድ እንደማይመጣ ነገረኝ። ትክክል ነው፤ እኔም ብሆን አልመጣም። ሌላ ነጋዴ ቢሆን አይነግረኝም ነበር፣ እግዜር ይስጥህ አለኝ። ምስጋናውን ተቀብዬ ዘጋሁ። የት እንደማደርገው አላውቅም።

በየዓመቱ በዚህ ወር 41ን ከውርጭ ላስቲክ አለብሰው ነበር። ዘንድሮ አላለበስኩም። እምቡጥ መቅጠፉንም ትቻለሁ። ለማን?

ሰባት ዓመት። ሃምሳ አራት ዓመቴ ነው። ሌላ ሰባት አለኝ ብዬ መገመት እችላለሁ፤ ነጋዴ ግን በግምት ብቻ አይነሳም።

ኅዳር 19፣ ዓርብ

ምንም። ጌሾ ኮተኮትኩ። ባለቤቴ ሱቅ ሆና ሰው ስለ አበባው ሲጠይቃት አላየሁም ትላለች። እማማ የሺ አሁን አመዱን ይዘው እኔ እስከቆፈርኩት ጉድጓድ ድረስ ይሄዳሉ። ጉልበታቸውን እያመማቸው። ተዉት እኔ ልውሰድ ብላቸው ጣሳውን ወደ ኋላ ደበቁ።

ኅዳር 22፣ ሰኞ። ጠዋት 1 ሰዓት

ውርጭ ጣለ። ከባድ። የጎረቤቴ ድንች የፈላ ውሃ የፈሰሰበት ይመስላል። ባቄላው ጥቁር ሆኗል። የሱ ሃይድራንጃም ተቃጥሏል፤ እምቡጡን ፈልቅቄ አየሁ፣ ውስጡ እንደ ተንጨረጨረ ቆዳ ነው።

41 ላስቲክ አልለበሰም ነበር። ሳላስብ ወደሱ ሄድኩ። ቅጠሉ ዳር ዳሩ ነዷል። እምቡጡን በጥፍሬ ፈለቀቅኩ። አረንጓዴ። ሌላውንም። አረንጓዴ።

ተረጋጋ፣ ሙሉጌታ። የወጥ ቤቱ ግድግዳ ሌሊቱን ሙሉ ይሞቃል። ያ ወጥ ቤት አንዴ አታሎሃል።

እኩለ ቀን

ወግዲ ደወልኩ። እዚያም ጥሏል። የሸሁ አሮጌ ሃይድራንጃ፣ ከደሴ ያመጡት፣ እስከ መሬት ነዷል። ክፈፍ ሥር ያሉት ሁለቱ ደህና ናቸው፤ እነሱን አልቆጥርም፣ ቤቱ ይከልላቸዋል። ጉድጓዱ አጠገብ ያለው ሜዳ ላይ ነው። አንድ በአንድ እምቡጡን እንዲያዩልኝ ለመንኩ። ስልኩን ሳይዘጉ ሄዱ። ከስድስት ሁለቱ ጠቁሯል፣ አራቱ ደህና ነው አሉኝ።

አራት ከስድስት። አንድ ተክል፣ አንድ ሌሊት። ይኸ ማስረጃ አይደለም። ልቤ ግን እንደ ሞኝ መታ።

ሸሁ ሳልጠይቃቸው፦ «አንተ ቀለሙን ስትጠብቅ ዛፉን አላየኸውም። ከሁሉ ለይተህ በላስቲክ አሳደግከው። ብርድ ያልነካውን ምን ብለህ ትመሰክርለታለህ?»

እውነት ነው። ከአቀስታ በላይ ባለው ደጋ፣ በዚያ ብርድ ይኸን አበባ ግቢው ያለው ሰው አላውቅም፤ እምቡጡን ውርጭ ይጨርሰዋል። እዚያ የሚያብብ ቢገኝ ቀለሙን ማንም አይጠይቅም። ቢገኝ።

ወይ ደግሞ እንደ ቀይነቱ ነው፤ ግድግዳ፣ ጉድጓድ፣ የአንድ ሌሊት ዕድል። ሁለተኛ መታለል አልችልም። አቅም የለኝም።

ኅዳር 24፣ ረቡዕ። ከቀኑ 11 ሰዓት

ቆጠራ፦ 12። ሁሉም ደህና። ሁሉም እምቡጥ ይዘዋል።

ወሰንኩ። አሥራ ሁለቱም ከአቀስታ በላይ ወዳለው ጉጉፍቱ፣ ወደ ብርዱ ይሄዳሉ። እዚያ ባሕር ዛፍ የምሸጥለት ገበሬ አለ፤ ደወልኩለት፤ የገብስ ማሳው ታጭዷል፣ ጥግ ልስጥህ አለ። ጥግ አልፈልግም፣ መሃሉን ስጠኝ አልኩት። ለአበባ? አለ። ለአበባ። እስከ ጥምቀት እዚያው ያድራሉ። ከጥምቀት በኋላ ሄጄ እምቡጥ እቆጥራለሁ።

ስድስቱን ላስቀር አስቤ ነበር። ነጋዴ ሁሉንም እንቁላል አያወጣም። ግን ስድስት ቤት ከቀሩ የሞቱትን ትቼ የቀሩትን ማየቴ አይቀርም፤ ራሴን አውቀዋለሁ። አሥራ ሁለቱም ከሞቱ 41 የጓሮ ቁጥቋጦ ነው፣ እኔም የጌሾ ነጋዴ ነኝ። ነገሩ በዚያ ያልቃል።

እማማ የሺ ሰምተው ጆንያ አጥበው አስጥተዋል። ማታ ማታ ገበሬው እንዲያለብሳቸው። አይለብሱም አልኳቸው።

«ለሞት ነው የምትወስዳቸው?»

ለማወቅ ነው አልኩ።

«ከሞቱ ማወቁ ለማን ይሆናል?»

ጆንያውን አጥፈው ችግኞቹ ከተደረደሩባቸው ሣጥኖች አጠገብ አስቀመጡት። ወስደህ ራስህ ወስን ማለታቸው ነው።

ነገ፦ የንጋት 12 ሰዓት መኪና። 12 ችግኝ በሁለት ሣጥን። ዶማ። ውሃ በጀሪካን። ከግድግዳም ከዛፍም ርቆ፣ ማሳው መሃል መትከል። ጆንያውን ቤት መተው።