ደጅሽን ሲሚንቶ አታልብሺው

ነቀምቴ፣ ሐምሌ 9 ቀን 1975 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ሰላምታዬ ከዝናቡ ቀድሞ ይድረስሽ። አንቺ እንዴት ነሽ? ባለቤትሽስ? የትንሿ ሳል ተወት አደረጋት? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ እሱም ቢሆን የሚያመኝ የቀበሌ ስብሰባ ያለ ቀን ብቻ ነው። ጽሕፈቴን አይተሽ እንዳትስቂ። እስከ ዛሬ ሰው ይጽፍልኝ ነበር፤ ይህን ግን በሌላ እጅ ማስጻፍ ስላልፈለግሁ በመሠረተ ትምህርት የለቀምኳትን ፊደል ይዤ ተቀመጥኩ። ሦስት ቀን ፈጀብኝ።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ሁለት ነገር ጠይቀሽኛል። አንዱ፣ ግቢሽ በበጋ አቧራ በክረምት ጭቃ እየሆነ ስላስቸገረሽ ሲሚንቶ ላስደርገው ወይ የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ይህን ቤት ትቼ እናንተ ዘንድ እንድጠቃለል ነው። በመጀመሪያው ልጀምር፤ ሁለተኛውም ይደርሳል።

ሲሚንቶውን ተዪው። እኔም እዚህ ቤት ስገባ እንዳንቺው ቸኩዬ ጉድ ሠርቻለሁ። አያትሽ ሲያርስ ሰርዶ ባየ ቁጥር ይራገም ነበር። የገበሬ ልጅ ነኝና ግቢው ሰርዶ ብቻ ሆኖ ሳገኘው ደሜ ፈላ። ሳምንት ሙሉ ቆፍሬ፣ ሥሩን ነቅዬ ከአጥር ውጭ ከመርኩት። ቀዩ አፈር ተላጭቶ ሲታይ እንዴት እንደኮራሁ አትጠይቂኝ። አምና በግንቦት የመጀመሪያው ዝናብ መጣና አፈሩን ሁሉ ጠርጎ ከታች ባለው ጎረቤቴ ደጃፍ ላይ አራገፈው።

ጎረቤቴ አቶ ጨመዳ ይባላሉ። ድሮ ቡና ችግኝ ጣቢያ ይሠሩ የነበሩ፣ ሚስታቸው ከሞቱባቸው ሰባት ዓመት የሆናቸው ሰው ናቸው። በማግስቱ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ሆነው መጡ። እኔም ለጠብ ተዘጋጅቼ፣ ነጠላዬን ወገቤ ላይ አስሬ ጠበቅኋቸው። እሳቸው ግን የጣልኩትን ሰርዶ በእጃቸው ይዘው፣ አዴ፣ ጮቆርሳ ምን በደለዎት አሉኝ። ለካ እኛ ሰርዶ ብለን የምንራገመው እነሱ ዘንድ ሽማግሌ የሚመርቅበት፣ የተጣላ የሚታረቅበት ሣር ነው። አፈርኩ። እሳቸው ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ፤ የጭቃው ነገር በዚያው ቀረ።

ከዚያ ግቢውን አብረን ዞርን። መሬት ሁሉ አንድ ዓይነት ልብስ አይስማማውም ይላሉ። ሰው የሚረግጠው ላይ ሰርዶውን መልሰን ተከልን፤ በተረገጠ ቁጥር የሚበረታ እሱ ነው። ውሃ የሚወርድበት ተዳፋት ላይ፣ ቢላ ከተማ ካሉት እህታቸው ያስመጡትን ስኳር ድንች አደረግን። ሐረጉ እየተሳበ አፈሩን ይይዛል፣ ከሥሩም ምሳ አለው። ከዋንዛው ሥር ፀሐይ ስለማይደርስ ሁለት ጊዜ የተከልኩት ሞተብኝ። አይድከሙ፣ ራሱ የበቀለውን የውሃ አንቁር ይተዉት አሉኝ። ተውኩት፤ አሁን ሰማያዊ አበባውን አውጥቶ ጥላውን ሞልቶታል። ከጉድጓዱ አጠገብ ያለው ረግረግ ላይ ማገጥ ዘራን። ሲያብብ ንቡ እየበዛ ውሃ መቅዳት አስፈርቶኛል እንጂ ጭቃ የሚባል የለም። የግድግዳው ጥግ ድንጋያማና ደረቅ ነው፤ እዚያ የአገሬን ጦስኝ ልትከል ስል፣ አይበቅልም ብለው ተከራከሩኝ። በቀለ። ሻያቸው ላይ በጨመርኩላቸው ቁጥር አንገታቸውን ይደፋሉ።

አንቺም ከመትከልሽ በፊት አንድ ቀን ሙሉ ግቢሽን እዪው። ፀሐይ የት ይመታል? ውሃ የት ይተኛል? ልጆቹስ የት ይሮጣሉ? ከጓሮ ጥላው ላይ ሰርዶ እንዳትሞክሪ፣ ይገረጣል።

ሁለተኛው ጥያቄሽ ይኸው ደረሰ። ባለፈው እሑድ የሰፈራችን ትልቅ ሰው ኦቦ ባይሳና ሁለት ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው ደጄ ቆሙ። እኔ የአጥር ነገር መስሎኝ ነበር። ለካ አቶ ጨመዳ ልከዋቸው ነው። ልጄ፣ በሃምሳ አራት ዓመቴ ፊቴ እንደ በርበሬ ቀላ። ጉልበቴን ያመኛል ብላቸው፣ እሳቸውንም ያማቸዋል አሉኝ። እሳቸው ወንጌላዊ ናቸው፣ እኔ ጾመኛ ነኝ ብላቸው፣ ታዲያ ወጡ በሁለት ድስት ይሠራ አሉኝ። ምክንያት ሲያልቅብኝ፣ ያለ ልጄ ቃል አልመልስም አልኩ። ኦቦ ባይሳም፣ ሣር ይዞ የመጣ ሽማግሌ አይቸኩልም ብለው መርቀውኝ ሄዱ።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ደስ ብሎኛል። ደስ ማለቱ ራሱ አስፈርቶኛል። አባትሽን የሚያስረሳ ሰው አልተፈጠረም፤ እሳቸውም ይህን ያውቃሉ፣ የሟች ሚስታቸውን ስም ሳይጠሩ አይውሉም። የአባትሽ ዘመዶች የሚሉትን ይበሉ። አንቺን ከከፋሽ ግን አይሆንም። አንድ ቃል ጻፊልኝ፤ ጓዜን ጠቅልዬ እመጣለሁ፣ ፊቴንም አላጠቁርብሽም።

ችግኙን ባለሱቁ ሸዋርጋ ለዕቃ መርካቶ ስለሚወርድ በእሱ ልኬልሻለሁ። የስኳር ድንቹ ሐረግና የሰርዶው ሥር ለየብቻ ታስረዋል። በደረሰሽ ዕለት ትከዪው እንጂ አታሳድሪው። መንገድ ላይ እንዳይደርቅ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬዋለሁ።

ልጆቹን አንድ በአንድ ሳሚልኝ። የተከልሽው ይጽደቅልሽ፤ ቤትሽ ሳቅ አይጣ፤ ደጅሽ እንግዳ አይጣ።

እናትሽ

ጨርቁን ሳታውቂው አትቀሪም። አምስት ዓመት ሙሉ፣ እማዬ አሁንስ ይበቃሻል፣ አውልቂው ስትዪኝ የነበረው ጥቁር ቀሚሴ ነው። እንዳትመልሺልኝ።